በፊውዙ ላይ የተጠቀለለው ወረቀት

ታዲዮስ አሮጌ ፒካፑን በራሱ እጅ ከጠገነ ጁባ ሊቀር፣ ካቃተው ግን ከልጁ ጋር አዲስ አበባ ሊሄድ ቃል የገባው ጎረቤቱ አስረሳሽ ባለችበት ነው። ምስክር ይኑር ያለችው ልጁ ናዝራዊት ናት፤ አባቷ ማታ የተናገረውን ጠዋት ይረሳል። ከኮሎሎ ሰፈር ወደሚኖርበት ጀበል የሚመለስበት መንገድ ጠፍቶት ሰዎች መርተው ያመጡት ጊዜም አለ። በቅርቡ ደግሞ እየነዳ ሳለ ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር ጭስ ወጣ። «እኔ ምግብ ቤቴን ዘግቼ ጋሽ ታዲዮስን ልጠብቅ አልችልም፤ ነይና ውሰጂያቸው» ብላ አዲስ አበባ ለምትኖረው ናዝራዊት የደወለችው አስረሳሽ ናት።

ታዲዮስ በሾፌሩ በር በኩል ተንበርክኮ አንገቱን ከመሪው ሥር አስገባ። ናዝራዊት የእጅ ባትሪ ያዘችለት።

«ዝቅ አድርጊው። የፊውዙ ሳጥን ላይ እንጂ እኔ ላይ አታብሪ።»

«አባዬ፣ ቶሎ በል፤ ወገቤ ተቆረጠ።»

«ባንክ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ምን ወገብ አለው?»

ሽንኩርት የምትልጠው አስረሳሽ ከደጇ ሆና ሳቀች።

የፊውዙ ሳጥን ክዳን ላይ ያለው ጽሕፈት ጃፓንኛ ነው። ታዲዮስ አንብቦት አያውቅም፤ ጣቱ ግን ሁሉንም ያውቃል። ይሄ የጡሩምባው፣ ይሄ የዝናብ መጥረጊያው፣ ያኛው የኋላ መብራቱ። አንዱንም አልሳተም። ናዝራዊት ሊያሸንፋት እንደሆነ ታያት፤ ደስ ይበላት ወይስ ይክፋት አላወቀችም።

«ፊውዝ እንዲሞት የተሠራ ነው» አለ፣ በሾፌርነት ዘመኑ ለረዳቶቹ ሁሉ ሲል በኖረበት ድምፅ። «እሱ ሲሞት ሽቦው ይተርፋል። ከተቃጠለብሽ ለምን ሞተ ብለሽ ጠይቂ። ሳትጠይቂ በላዩ ሌላ ነገር ካሰርሽ፣ የሚነደው መኪናው ነው።»

በፒንሳ የኋላ መብራቱን ፊውዝ ነቀለ። ፊውዙ ብርማ የሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። ከጀርባው ያለው ሽቦ ልባሱ ቀልጦ ተጣብቋል።

ታዲዮስ አንገቱን አወጣ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ይሄን ያደረገው ማነው?»

የአስረሳሽ ቢላዋ ቆመ።

«ሰው እንደያዘ ሊነድ ነበር እኮ! በዚህ ነገር ስንቱን ረዳት አባርሬያለሁ። ማነው?»

ናዝራዊት ነገር ማድበስበስ አይሆንላትም። «ቁልፉ ያንተ አንገት ላይ ነው፣ አባዬ። ከአንተ ሌላ መኪናውን የሚነካ የለም።»

ወረቀቱን አየ። ከሸሚዙ ኪስ የሲጋራ ፓኮውን አውጥቶ ከፈተው፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ግማሹ ተቀዷል። መሬት ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀና ሰጣት።

«ካላስ» አለ። «በቃ፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መኪና መንካት የለበትም። እሄዳለሁ።»

አሸነፈች። ቁልፉን ኪሷ ከትታ እጇን ልትታጠብ ሄደች፤ እየታጠበች ስለ ቲኬቱ ታስብ ነበር።

ስትመለስ አባቷ እንደገና በሩ ሥር ተንበርክኳል። ፊውዙን በሁለት ጣቱ ይዞ ያገላብጠዋል።

«ይሄን ያደረገው ማነው?» አላት። ቁጣው አዲስ ነበር።

ናዝራዊት መልሱን ልትደግምለት አፏን ከፈተች። አስረሳሽ ፊቷን አዙራ ሽንኩርቷ ላይ አጎነበሰች። ልንገረው? ያን ፓኮ እንደገና ሊከፍት፣ እንደገና መሬት ላይ ሊቀመጥ ነው። ከዚያም ይረሳዋል።

«እኔ ነኝ» አለች ናዝራዊት።

«አንቺ?»

«ሌላ ፊውዝ አጣሁ። ወረቀት ጠቀለልኩበት።»

ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቆጣት። ፊውዝ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሞት፣ ሽቦ እንዴት እንደሚቀልጥ አንድ በአንድ ነገራት። የሰው ንግግር ሳያልቅ የምታቋርጠው ናዝራዊት እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው። ሲደክመው አንገቱን ዳበሰ።

«ቁልፌስ?»

«ጣልኩት።»

«እሱንም አንቺ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በይ ሄደሽ ፈልጊ። ማታ ወደ አማራት ሰፈር የማደርሰው ዕቃ አለ።»

የሚያደርሰው ዕቃ ከቀረ ቆይቷል። ናዝራዊት ከግቢው ወጥታ ወደ ጀበል ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር አጎንብሳ አቧራውን ታይ ጀመር። አባቷ የግቢው በር ላይ ቆሞ ያያታል። ቁልፉ በተራመደች ቁጥር ከኪሷ ውስጥ ጭኗን ይነካታል።

«ወደ ግራ ነው» ብሎ ተጣራ። «ወደ ግራ እይ፣ ልጄ።»

ወደ ግራ ሄደች።