ድልድዩ የበላው ጥላ

«ስሙ! ነገ ከድልድዩ ሥር ልብስ ማጠብ ክልክል ነው!»

ይህን ያወጁት የመንደራችን ሹም ስታሜን ናቸው፤ የበግ ቆዳ ቆባቸውን አውልቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። ግንበኞቹ የቅስቱን የእንጨት ድጋፍ ሊያነሱ ነበር። እኛ ባልካን ተራራ ሥር ያለን ሰዎች በ1753 ድልድይ የጨረስነው እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቴ ወንዙ ወስዶብናል።

በሦስተኛው ዋናው ግንበኛ ቭልኮ የሰው ጥላ ጠየቀ። ጥላው በገመድ ይለካል፣ ገመዱ ከድንጋይ ሥር ይቀበራል። ባለ ጥላው ዓመት ሳይደፍን ይሞታል። ካልሞተ ድልድዩ ይወድቃል።

ቄሳችን አባ ኔንቾ «የአረማውያን ተረት!» ብለው ገሠጹ። ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ ከወጣች በግንባታው በኩል ያለፈ ሰው የለም፤ ቄሱም ራሳቸው በሽተኛ ሊጠይቁ ሲሄዱ በኮረብታው ዞረው ነበር የሚያልፉት።

ስታሜን ግንበኞቹ ምሳ እንደሚያስፈልጋቸው ትዝ አላቸው። ዘመድ የሌላት መበለት፣ ግሮዝዳም አብራ ትዝ አለቻቸው።

«እትዬ ግሮዝዳ፣ ባቄላውን አድርሺላቸው። ቆም ብለሽም አጫውቻቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ቆመች። ቭልኮ ከኋላዋ ገመዱን ይዞ አጎነበሰ።

ወሬው ሲደርሳት ወደ ቄሱ ሮጠች። «አባ፣ ልሞት ነው እንዴ?»

«ተረት ነው ልጄ» አሏት። ከዚያ ንስሐዋን ተቀበሉ፤ የልጅነቷን ሳይቀር።

ክረምቱን ሳል ያዛት። እንደዚያ ወራት ጠያቂ በዝቶላት አያውቅም። ጎረቤቷ ፍየሏን ለማን እንደምትተው ጠየቀቻት። ስታሜንም በየጠዋቱ ብቅ ይሉ ነበር።

«እንዴት አደርሽ?»

«ዛሬስ ተሻለኝ።»

«አይዞሽ» አሏት።

እሷም ዳነች። ዓመቱ ሞላ፤ ያ የልብስ አጠባ አዋጅ የተነገረው በሳምንቱ ነው።

በማግስቱ እንጨቱ ተነሣ። ቅስቱ ንቅንቅ አላለም። አባ ኔንቾ ጸበል ረጭተው «በእግዚአብሔር ኃይል እንጂ በሌላ አልቆመም!» አሉ። አሜን አልን። ድግሱ ማዶ ተዘርግቷል፣ የተጠበሰው በግ ይሸታል።

ግሮዝዳ ማንንም ሳትጠብቅ ተሻገረች። ጉንጯ ቀልቷል። ማዶ ሆና ዞረች።

«ኑ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኛ ስታሜንን አየን፤ ስታሜን ቄሱን አዩ።

«ዓመቱ ሞልቷል፤ እሷም አለች እኮ» አለ አንዱ በቀስታ።

አባ ኔንቾ ከድልድዩ ራቅ ብለው ወረዱ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፤ መስቀሉን ከፍ አድርገው ከበረዶ የሚቀዘቅዘው ወንዝ ውስጥ ገቡ።