የእማዬ ልኮች

ትንንን! አለ ከመጋረጃው ወዲያ።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ስልኩን እንደያዘ ደረቀ። ሰፍታ የጨረሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ መስኮቱ ላይ ሰቅላ ፎቶ ማንሳቷ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ እሷ ፎቶውን በወጉ ሳታየው ሳሎን ያለው የወንድሟ ታብሌት ቀድሟት ጮኸ።

"ሚጢ! አንገቱ አልጠበበም?" አለ ወንድሟ ከተቀመጠበት ሳይነሳ።

"ደንበኛዋ ናት እንደዚያ ያለችው፣ ጋሼ።"

"እኔ እንጃ። እኔን ቢሆን ያንቀኝ ነበር።"

"አንተ ቀሚስ ልትለብስ ነው እንዴ?"

ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ ናቸው፤ ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ ሆነው ሲቀላለዱ ይውላሉ። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ ነበር።

እናታቸውም ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰው ስትለካ ከንፈሯ ስፒል እንደነከሰ፣ ሁለት እጇ ሜትር እንደያዘ ስለሆነ መጻፍ አይመቻትም። ስለዚህ ልኩን ሁሉ ስልኳ ላይ በድምፅ ትቀዳው ነበር። ትከሻ ይህን ያህል፣ እጅጌ ይህን ያህል እያለች፣ በመሃል ደንበኛዋን እየጎነተለች። ስትሞት ለልጆቿ የቀረላቸው ድምፅ ያ ብቻ ሆነ፤ የሰው ትከሻና የሰው ወገብ።

ከሐዘኑ በኋላ ያ ስልክ ባልዲ ውሃ ውስጥ ገባ። ወንድምየው የዚያን ቀን ያለቀሰውን ያህል በቀብሯ ቀን እንኳ አላለቀሰም። ሰፈር ውስጥ ያለው ስልክ ሠሪ እንደምንም ብሎ ድምፆቹን አተረፈላቸው። ከዚያ ወዲያ ወንድምየው ማለ፤ በዚህ ቤት ሁለተኛ ምንም ነገር አይጠፋም! ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ሰፊ ቦታ ገዛ። የእናቱን ድምፅ አንድ ሳያስቀር እዚያ ጫነ። የእህቱንም ስልክ ተቀብሎ በራሱ አካውንት ከፈተላት። "ሁለት አካውንት ምን ይሠራል? አንድ ቤት አይደለንም እንዴ?" አላት። እሷም ደስ አላት፤ ፓስወርድ ማስታወስ ድሮም አይሆንላትም።

ያኔ አልገባትም እንጂ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ ላይ የሚያርፍ ነገር ሁሉ ሳሎን ሳይገባ አያድርም።

መጋረጃው ተገለጠ። ወንድሟ ታብሌቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

የመልእክት ምስል ነበር። በሌላ ከተማ ትልቅ የልብስ ስፌት ቤት ያላት ሴትዮ የጻፈችላት ናት፦ ሥራሽን ወድጄዋለሁ፣ መኝታም አለ፣ ሰኞ ጀምሪ። ሰፊዋ ትናንት ይህን ስታነብ ደስታዋ ቢበዛባት ስክሪንሹት አንስታ አስቀመጠችው። ደስታዋ ጆሮዋን ደፍኖት ኖሯል፣ ትንንን ማለቱን አልሰማችም።

"ልነግርህ ነበር።"

"መቼ? አውቶቡስ ላይ ሆነሽ?"

"ጋሼ፣ ሥራ እኮ ነው። እዚህ የማን ጨርቅ ስጠግን ልኑር?"

"ማን ከለከለሽ? ሂጂ። እግርሽን አላሰርኩት።" ታብሌቱን ወደ ደረቱ አስጠጋው። "የእማዬን ድምፅ ይዘሽ ግን አትሄጂም። የማናውቀው ቤት፣ የማናውቀው ሰው። ስልኩን ቢሰርቁሽስ? አንዷ ነካክታ ሙልጭ አድርጋ ብታጠፋውስ? ከአካውንቱ አወጣሻለሁ። ስትመጪ ትሰሚዋለሽ።"

"ስመጣ?"

"ቤትሽ አይደለም እንዴ?"

ክር አልቆብኛል ብላ ወጣች።

ስልክ ሠሪው "ዶክተር" ነው የሚባለው። ሱቁ ከመጥበቧ የተነሳ እሱ ሲነሳ ወንበሩ ውጪ ይወጣል።

"በሽተኛው ምን ሆነ?" አለ ስልኳን እየተቀበለ።

"እሱ ደህና ነው፣ በሽተኛዋ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ያወጣህልንን ድምፆች ገልብጥልኝ። ሁሉንም።"

ነካካው፣ ከዚያም ራሱን ነቀነቀ። "እህቴ፣ እዚህ ላይ እኮ የሉም። ይሄ የምታዪው ስማቸው ነው። ራሳቸው ያሉት ክላውድ ላይ ነው።"

"ከዚያ አውርዳቸዋ!"

"ላውርድ ብዬዋለሁ፤ የማረጋገጫ ቁጥር ልኬያለሁ እያለ ነው። ወደዚህ ስልክ ቁጥር።" የስልኩን መስተዋት ወደ እሷ አዞረው። "ያንቺ ነው?"

የወንድሟ ነው። ወዲያው እዚያው ዶክተሩ እጅ ላይ ስልኳ ጮኸ።

"ሚጢ!" ወንድሟ ያለከልካል። "ሌባ አካውንታችን ውስጥ ሊገባ ነው! እኔ አይደለሁም ብዬ መልሼዋለሁ። አይዞሽ፣ ፓስወርዱን አሁኑኑ እቀይረዋለሁ። የት ነሽ?"

እኔ ነኝ ሌባዋ ልትለው አፏን ከፈተች። "ክር ቤት" አለች።

ስልኩን ከጆሮዋ ስታወርደው የድምፆቹ ዝርዝር የለም። ፎቶዎቹም የሉም። መስተዋቱ ነጭ ሆኖ፣ ኢሜይልና ፓስወርድ አስገቢ ይላታል።

"ነፍስ ይማር" አለ ዶክተሩ። ፊቷን ሲያይ ደግሞ ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ። "አይ፣ በእሱ ታብሌት ላይማ አለ። ከዚህ ብቻ ነው የጠፋው።"

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ድል እንዳደረገ ሰው ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል።

"ለጥቂት ተረፍን! ትንሽ ብዘገይ አልቆልን ነበር። አየሽ? ይሄን ነው የምልሽ። እዚሁ አጠገቤ ሆነሽ እንኳ እንዲህ ከሆነ ሌላ አገር ሆነሽማ!" እጁን ዘረጋ። "በይ ስልክሽን አምጪ፣ መልሼ ላስገባሽ። ለሴትዮዋም ትንሽ ጠብቂን እንላታለን። ምን ያስቸኩላል?"

የተዘረጋውን እጅ አየችው። ጨዋ እጅ ነው፤ አንድ ቀን መትቷት አያውቅም።

"መጀመሪያ አንድ አሰማኝ" አለች። "የእኔን ልክ።"

ፊቱ በራ። ከጎኑ አስቀመጣትና ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አጋደመው። የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ!" አለች እናታቸው፣ ስፒሉን እንደነከሰች። "ይቺ ደግሞ የራሴዋ ናት። ትከሻ... ኧረ አትሳቂ፣ ስፒሉን ልታስውጪኝ ነው! እንኳን እሷ ሜትሩም ሳቀ..." የልጅ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ጨርቅ ተንኮሻኮሸ። "ግራና ቀኙን ትርፍ ልተውላት። ገና ታድጋለች።"

ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ከእናቱ ቃል ጋር እኩል ያንቀሳቅሳል። በቃሉ ያውቀዋል።

"ልድገመው?" አለ።

እሷ ግን ተነስታ ከመጋረጃው ወዲያ አልፋለች። መቀሷን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣለች። ያለ የሌለ ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሰማያዊው ቀሚስ ፊት ቆማ ስልኩን አነሳች፣ አስተካከለች፣ ፎቶ አነሳች።

ጆሮዋን ወደ ሳሎን ጥላ ጠበቀች።

ሳሎን ያለው ታብሌት አልጮኸም።

ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

"ሚጢ፣ ስልኩን ስጪኝ እንጂ" አለ ወንድሟ፣ እጁን እንደዘረጋ።

በአጠገቡ አለፈች። በሩን ከፈተች፣ ቀስ አድርጋ መልሳ ዘጋችው።