ታዛዥ፣ ጨዋ፣ ትሁት

ሚስቴ የመጨረሻ ዕድሏን የሞከረችው ዶክትሬቷን ከያዘች ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሲሆናት ነው። ሕጉ ግልጽ ነበር። ውጭ አገር ሄዶ ለሦስት ዓመት ምርምር ለመሥራት የሚሰጠው ፌሎሺፕ ዶክትሬቱን ከያዘ ስምንት ዓመት ያለፈውን ሰው አይቀበልም፤ ጥሪው ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ነው። ዘንድሮ ካመለጣት አለቀላት። የእኔ ስምንት ዓመት ካለፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ ያ ሰዓት እንዴት እንደሚቆጥር ከእኔ በላይ የሚያውቅ በቤታችን አልነበረም።

እኔም አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለት ዓመት ሠርቼ ሦስተኛውን ሲከለክሉኝ ተመለስኩ። በምንሠራበት የምርምር ተቋም ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ እንደ አውሮፕላን ቲኬት "ደርሶ መልስ" ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ አብሬያቸው እስቅ ነበር። ሰው በራሱ ላይ ሲስቅ ቀልዱ ቶሎ ይሰለቻል ብዬ ነበር፤ አልሰለቻቸውም። ከተመለስኩ በኋላ የላቦራቶሪ ኃላፊ አደረጉኝ። ኃላፊ ማለት የማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት ጠዋትና ማታ መመዝገብ፣ ጓንት ማደል፣ የጠፋ ቁልፍ መፈለግ ነው። ደግሞም መተርጎም። ውጭ የኖረ ሰው ቋንቋ ያውቃል ተብሎ፣ ባሕር ማዶ የሚሻገር ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል።

ሚስቴ የምታጠናው ሻጋታ ነው፤ ጎተራ ውስጥ በተቀመጠ በቆሎ ላይ የሚወጣውን፣ ጉበት የሚመርዘውን። አለቃዋ፣ ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ጠላታችን እርጥበት ነው፤ እህሉን አድርቁና ተኙ" ሲሉ ኖረዋል። እሷ ግን በደንብ ከደረቀ እህል ላይ መርዙን አገኘች። ስትነግራቸው ሻጋታውን የምታሳድጊባቸው የመስታወት ሳህኖች ቆሽሸው ይሆናል፣ ጣያቸው አሏት። አልጣለችም። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ የተጣለ አሮጌ የማሞቂያ ሣጥን በገዛ እጇ ጠግና፣ ሁለት ዓመት ተደብቃ ሠራች። መጨረሻ ላይ መርዛሙን ሻጋታ ቦታ እየቀማ የሚያስርበው፣ ሰውን ግን የማይነካ ሌላ ሻጋታ አገኘች።

አንድ ጠዋት ስልሳ ሳህን በትሪ ተሸክማ ቢሯቸው ገባች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነበርኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ስልሳውንም አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ "ልክ ነሽ" አሉ። የሠላሳ ዓመት ጽሑፋቸውን በሁለት ቃል ቀበሩት። በዚያች ጠዋት ሚስቴን የወደድኳትን ያህል ወድጃት አላውቅም። የቀናሁባትን ያህልም ቀንቼባት አላውቅም።

ለፌሎሺፑ የምታቀርበውን ዕቅድ ስትጽፍ ሦስት ወር ፈጀባት። ውጭ፣ እኔ በነበርኩበት ከተማ ያለ ትልቅ ላቦራቶሪ ገንዘቡን ካገኘሽ ወንበርሽ ዝግጁ ነው ብሎ ጽፎላታል። የቤተሰብ ቅጹን የሞላነው ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጃችን ጠረጴዛው ሥር እየተጫወተች ነው። "ጥገኛ" ከሚለው ቃል በታች መጀመሪያ የልጃችንን ስም ጻፈች፣ ቀጥላ የእኔን።

"አንተም እኮ ዝም ብለህ አትቀመጥም" አለችኝ ብዕሩን እያቀበለችኝ፤ ፊቴን አይታ መሆን አለበት። "ቋንቋውን ታውቃለህ፣ መንገዱን ታውቃለህ። ልጅቷን ትምህርት ቤት ታደርሳለህ፣ እስከዚያ አንድ ነገር አይጠፋም።"

ክፉ አስባ አይደለም። እሷ ክፋት አታውቅም፤ ክፋቱ ተርፎ የነበረው እኔ ዘንድ ነው። አንድ ነገር አይጠፋም። እዚያው የተባረርኩበት ከተማ ሄጄ፣ የልጅ ቦርሳ ተሸክሜ፣ የሚስቴ ጥገኛ ተብዬ። ፈረምኩላት።

የቀረው የጋሼ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ያንን አመልካች አያየውም፤ መስካሪው በቀጥታ በኮምፒዩተር ይልከዋል። ጋሼ ግን ኮምፒዩተርና እባብ አንድ ናቸው ባይ ናቸው፤ የይለፍ ቃላቸውን የማውቀው እኔ ነኝ። በእጃቸው በራሳችን ቋንቋ ይጽፋሉ፣ እኔ ተርጉሜ እልካለሁ። ለአሥራ አንድ ዓመት የሠራነው እንዲህ ነው።

ጠርተውኝ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት የተሰረዘ ረቂቅ ነበር። አራተኛውን ቆመው አነበቡልኝ። "ይህች ተመራማሪ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከቃሌ ወጥታ አታውቅም። ታዛዥ፣ ጨዋና ትሁት ናት። የተሰጣትን ሥራ በሰዓቱ ትፈጽማለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት የለም። እኔ ልጅ የለኝም፤ ቢኖረኝ እሷን ይመስል ነበር።" የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ።

በእኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ለሞተ ሰው እንኳ ይህን ያህል አይባልም። እዚያ ግን እንዴት እንደሚነበብ አውቃለሁ። የውጭው አለቃዬ የድጋፍ ደብዳቤ የሚያነበው ከምሳ በኋላ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር። "ሰዓት አክባሪ" የሚል ቃል ካገኘ "ምስኪን" ይልና ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። እነሱ የሚፈልጉት አለቃውን የሚሞግት፣ በራሱ እግር የሚቆም ሰው ነው። ታዛዥ ማለት ለእነሱ የሌላ ሰው እጅ ማለት ነው።

"ስለ ሳህኖቹስ ምንም አላሉም?" አልኳቸው።

ጋሼ ተነሥተው በሩን ዘጉ። "ምን ነካህ? ትዕዛዝ ጥሳ፣ ከአለቃዋ ተደብቃ ሁለት ዓመት ሠራች ብዬ ለባዕድ ልጻፍ? የልጄን ገመና በገዛ እጄ?" ከዚያ ትንሽ አሰቡና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። "ለነገሩ አንተ እዚያ ኖረሃል፤ ልማዳቸውን ታውቃለህ። የጎደለ ካለ ንገረኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብታርመኝ አላፍርም።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ጋሼ ሁሉን ቀደው አምስተኛውን ይጽፉ ነበር። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

"ምንም አልጎደለውም፣ ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ማለፊያ ደብዳቤ ነው።"

ወረድኩና በሬን ዘግቼ ተረጎምኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ነገ ማንም ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያመሳክር እንከን አያገኝበትም። ለ"ታዛዥ" በዚያ ቋንቋ ብዙ ቃል አለ፤ ለወታደር የሚሆን አለ፣ ለጥሩ ተማሪ የሚሆን አለ። እኔ የመረጥኩት ለውሻም የሚሆነውን ነው። ከተመለስኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ያዘችኝ። "ምን ብለው ጻፉልኝ?"

"ምስጢር ነው።"

"አንዲት ቃል ብቻ።"

"ልጄ ናት ብለዋል" አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህንን ነው።

መልሱ በሁለተኛው ወር መጣ። በግማሽ ነጥብ ወድቃለች። ከውጤቱ ጋር ገምጋሚዎቹ የጻፉት አንድ ገጽ አስተያየት ነበረ፤ ቢሮ ውስጥ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። "ዕቅዱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ለአሥራ አንድ ዓመት በቅርብ የሚያውቋት አለቃዋ ራሳቸው እንደመሰከሩት፣ አመልካቿ የታዘዘችውን የምትፈጽም ጥሩ ረዳት ናት። ሐሳቡ የራሷ ስለመሆኑ ተጠራጥረናል።" ሁለት ጊዜ ደገመችው። በሦስተኛው "ረዳት" የምትለዋን ቃል ብቻ አነበበች።

ቀጥታ ወደ ጋሼ ቢሮ ሄደች፤ ተከተልኳት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት የለም የተባለላት ሴት፣ በዚያን ቀን ድምፅዋ እስከ ጥበቃዎቹ ድረስ ተሰማ።

"ልክ ነሽ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? በዚህ ጠረጴዛ ላይ?"

"ነኝ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን ቀበሩኝ? ስላሳፈርኩዎት ነው? ይህን ያህል ዓመት ቂም ይዘው?"

"እኔ ደህና ደህናውን ነው የጻፍኩት። ካንቺ ያየሁትን ደግ ነገር ሁሉ..." ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ለማንበብ ሞከሩ፤ መነጽራቸውን ማግኘት አልቻሉም። "ልጄ፣ እኔ እኮ..."

"ልጄ አይበሉኝ" አለችና ወጣች።

እኔ ቀረሁ። የማቀዝቀዣዎቹን መዝገብ ብብቴ ሥር ይዤ ነበር። ጋሼ መነጽሩን ኪሳቸው ውስጥ አገኙት፣ አስተያየቱን አነበቡ፣ ጨርሰውም ቀና አላሉም። እንደገባቸው አየሁ። ቀስ ብሎ ነው የገባቸው፣ ከላይ ወደ ታች።

"ይህንን አንተ ታውቅ ነበር" አሉ።

"የጻፉትን ነው የተረጎምኩት፣ ጋሼ።"

"ጠይቄህ ነበር።"

ስልኩን አነሡ፤ ቁጥሯን በቃላቸው ያውቁታል። ግማሹን ደውለው ቆሙና እጀታውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ብነግራት ሁለታችንንም በአንድ ቀን ታጣለች" አሉ በመጨረሻ። "ሕፃን አለቻት። ማታ የምትገባው ካንተ ጋር ነው። የውጭ አገሩ እንደሆን ቀረባት፤ ቤቷንም ጨምሬ ላፍርስባት? እኔን ትጥላኝ። ብዙ ዕድሜ የለኝም፣ ብዙ አልሸከመውም።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው።

"አታመስግነኝ" አሉ። "ውጣልኝ።"

ሚስቴ በሳምንቱ ዝውውር ጠየቀች። አሁን የዘር ክፍል ውስጥ ናት፤ ከረጢት ላይ የቀን ምልክት ትለጥፋለች። ጋሼ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ታልፋለች። ጡረታ ሲወጡ የሽኝቱ አዳራሽ ሙሉ ነበር፤ እሷ አልመጣችም። ንግግር ሲያደርጉ ዓይናቸው ከበሩ አልተነሣም ነበር፤ እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ስምንት ዓመቷ የሞላው አንድ ማክሰኞ ነው። እሷ ረስታዋለች ወይም የረሳች መስላለች። እኔ አልረሳሁም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ድንገት ጠየቀችኝ። "አንተ አለቃዬ ብትሆን ኖሮ ምን ብለህ ትጽፍልኝ ነበር?"

"አሁን ምን ያደርግልሻል?"

"ዝም ብለህ ንገረኝ።"

ተይው ማለት እችል ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ፤ የተጻፈ እንደማነብ ሆኜ ነገርኳት። "ይህች ሴት ተሳስተሃል አለችኝ፤ ተሳስቼም ነበር። አቁሚ ስላት አላቆመችም። ሥራውን የሠራችው እኔ በጣልኩት ዕቃ፣ እኔ በከለከልኳት ጊዜ ነው። የሚታዘዛችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ። ሠላሳ ዓመት አለቃ ሆኛለሁ፤ ያስተማረችኝ ብቸኛዋ ተማሪዬ እሷ ናት።" አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ስጨርስ የልጃችንን ሸሚዝ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ ታለቅስ ነበር።

"ያ ሽማግሌ የዚህን እሩቡን ቢያውቅ ኖሮ" አለች።

"ከየት ያውቀዋል" አልኳት።

ወረቀትና ብዕር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ቢያንስ አንድ ሰው ስለ እኔ እንዲህ ብሎ የጻፈው ይኑረኝ አለች። ጻፍኩላት። ስምህንም ፈርምበት አለችኝ፤ ፈረምኩበት።