አልለቅም ያለው አፕ

ወይኒ የሠራችው አፕ ሰዓት አዳሹን ጋሽ ዘርኡን አልለቅም ብሏቸዋል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ለወይኒ ቀልድ አልነበረም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፒያሳ ሰዓት አዳሾችና ወርቅ ሠሪዎች ስብሰባ አላቸው። ጋሽ ዘርኡ ተነስተው "ይህ ነገር ይጠቅማል" ካሉ ሌሎቹም አፑን ይወስዱታል። ካላሉ ወይኒ ሰኞ ጠዋት ወደ ድሮው መሥሪያ ቤቷ ትመለሳለች። አለቃዋ ቦታዋን እስከ ሰኞ ይዞላታል፤ ይህን ደግሞ ለእናቷ እንኳን አልተናገረችም።

የአፑ ሥራ ቀላል ነው። ሰዓቱን ለእድሳት የሰጠ ደንበኛ "ደረሰልኝ ወይ?" እያለ ከሚመላለስ ስልኩን ከፍቶ ያያል። ጋሽ ዘርኡ በበኩላቸው "አልቋል" ወይም "ገና ነው" የሚለውን ይነካሉ። "ገና ነው" የሚለው የበለጠ እንደሚነካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ወርዳ ሱቃቸው ደረሰች። ሱቋ ከፈረሳው የተረፈች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ናት። ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን በሁለት ጣት ይዘው አቀበሏት።

"ጓለይ፣ እንኪ ልጄ። ከገባሁ በኋላ መውጫ አጣሁ። ትናንት ስልኩን አጥፍቼ ነው ያመለጥኩት።"

"በእኔ ስልክ እኮ ይሠራል ጋሼ" አለች ወይኒ። ይህች አፕ ሠሪዎች ሁሉ የሚምሏት መሐላ ናት፤ እስካሁን ማንንም ረድታ አታውቅም።

በራሷ ስልክ ሃያ ጊዜ ገባች፣ ሃያ ጊዜ ወጣች። ምንም ችግር የለም። አፑን ከእሳቸው ስልክ አጥፍታ እንደገና ጫነችው። ስልኩ ሞልቶ ይሆናል ብላ ፎቶ እንዲቀንሱ ብትጠይቃቸው፣ ጋሽ ዘርኡ ከልጅ ልጃቸው ክርስትና አንዲት ፎቶ አላስነካም አሉ። ላፕቶፗን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስድስት ሰዓት አለፈ።

"ቤቴ ሄጄ ረጋ ብዬ ልየው" ብላ ተነሳች።

"ማኪያቶ አዝዤልሻለሁ፤ ቁጭ በይ።"

ተቀመጠች። ጠጥታ ስትነሳ ሌላ ታዟል። ሁለተኛውን ጨርሳ በሩ ጋ ስትደርስ "ምን አስቸኮለሽ፣ አሁን መምጣትሽ አይደል?" ብለው መለሷት። ያን ጊዜ ወይኒ አንድ ነገር ትዝ አላትና ደነገጠች። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ከእጃቸው እየነጠቀች ስትነካካ ዋለች እንጂ፣ እሳቸው ሲጠቀሙበት አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም።

"ጋሼ፣ እስኪ ራስዎ ገብተው ይውጡልኝ። እኔ ዝም ብዬ ላይ።"

አፑን ከፈቱት። "እንኳን ደህና መጡ" የሚለው ገጽ ተቀበላቸው፤ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ወደ ዋናው ገጽ አስገባቸው። ለመውጣት ከታች ያለችውን የመመለሻ ምልክት ነኩ። ወይኒ ያቺን ምልክት ነክታ አታውቅም፤ እሷ ገጹን በጣቷ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ነው የምትወጣው።

"ለምን በዚህ ይወጣሉ?"

"በገባሁበት በር ነዋ የምወጣው። ጣራ ልቅደድ?"

ስልኩ "እንኳን ደህና መጡ" አላቸው፤ ወዲያውም ዋናው ገጽ ላይ መልሶ አስቀመጣቸው። እንደገና ነኩ። እንደገና ደህና መጡ።

"አየሽው? የት ሄጄ ነው ደህና የምመጣው?"

ወይኒ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የመቀበያው ገጽ ሥራውን ጨርሶ መሄድ ሲገባው ከዋናው ገጽ ጀርባ ተደብቆ ኖሯል። ሰው ሊወጣ ሲል ብቅ ይልና ያስገባዋል።

"እንደ እርስዎ ነው ጋሼ፤ እንግዳ መቀበል እንጂ መሸኘት አያውቅም።"

"ጨዋ ነው ማለት ነው" አሉ ጋሽ ዘርኡ፣ ቅር ሳይላቸው።

አንዲት መስመር ጨመረች፤ ገጹ አንዴ ከተቀበለ በኋላ ከመንገድ እንዲነሳ። አፑን አድሳ ስልኩን ሰጠቻቸው። ገቡ፣ ምልክቷን ነኩ፣ አፑ ተዘጋ። ሽማግሌው ስልኩን አገላብጠው አዩትና "ወጣሁ" አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባው ውስጥ ወይኒ አፑን አሳይታ ስትጨርስ፣ ያልመዘኑትን የማያምኑት ወርቅ ሠሪው አቶ ሙዓዝ እጃቸውን አወጡ።

"ጥሩ ነው። ቢበላሽስ? እነዚህ ልጆች ዛሬ እዚህ ናቸው፣ ነገ ቢሮ ይገባሉ። ከዚያ ስልክ አያነሱም።"

የወይኒ ፊት ጋለ። ጋሽ ዘርኡ ቀስ ብለው ተነሱ።

"ዛሬ ተበላሽቶብኝ ነበር። ጠዋት መጥታ እስክታስተካክለው ከሱቄ አልወጣችም። ይህች ልጅ ሌላ ሥራ የላትም፤ ሥራዋ ይኸው ነው።"

"እውነት ነው?" አሉ አቶ ሙዓዝ፣ ወደ እሷ ዞረው።

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ወይኒ መልሱን ልታስብበት ፈልጋ ነበር፤ አፏ ግን ቀደማት።

"የለኝም" አለች። ድምፅዋ ያልተሰማ መስሏት ደገመችው፤ በዚህኛው ጊዜ ደስ እያላት፣ "ሌላ ሥራ የለኝም።"

አቶ ሙዓዝ ትንሽ አዩዋት፤ ከዚያም ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው "እንግዲያው ለእኔም ጫኚልኝ" አሉ።