ከሲሞን ቤት ወለል ስር

ዳኛቸው በደረቱ እየተሳበ የመጨረሻውን የብርድ መከላከያ ኢንሱሌሽን ጥቅል ወደ ኩሽናው ስር ገፋ። በቤቱ ወለልና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ቀና ብሎ ለመቀመጥ እንኳ አይበቃም። ጥቅሉ የተሠራበት የመስታወት ክር፣ ፋይበርግላሱ፣ በጓንቱና በእጅጌው መሃል ገብቶ ክንዱን ይለበልበዋል። ከኒው አልባኒው የዌርሃውስ ሥራ ያገኘውን ሁለት የኦፍ ቀን እዚህ ዌስተርቪል፣ በታናሽ ወንድሙ በሲሞን ቤት ስር አሳለፈው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ስድስት ወሩ ነው፤ የሚኖረውም እዚሁ ነው። ሲሞን "ጋሼ፣ ወለሉ በረዶ ሆነብን" ሲለው እሺ ለማለት አላመነታም።

ጥቅሉን በወለሉ አግዳሚ እንጨቶች መሃል ሊወትፍ ሲል ከራሱ በላይ ወንበር ተጎተተ። ጣውላው ገና ስላልተሸፈነ የባልና ሚስቱ ድምፅ ጥርት ብሎ ወረደ።

"ለጋሼ ዛሬ ልትነግራቸው ነው?" አለች የሲሞን ሚስት አይናለም።

"ይጨርስና። አሁን ልቀቅ ብለው ማን ይሠራልኛል?"

"በዚህ ብርድ የት ይሄዳሉ? እስከ መጋቢት እንኳ ይቆዩ።"

"መኪና አለው አይደል? እዚያ ይተኛ።" ሲሞን ሳቀ። "ሲያስል እያደረ እንቅልፍ ነሳኝ። ሽማግሌ ልጦር አልመጣሁም እዚህ።"

"ያሳደጉህ እኮ እሳቸው ናቸው።"

"ማን አሳድገኝ አለው?"

የዳኛቸው እጅ እንደተሰቀለ ቀረ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እንጂ "አንተ" ብሎት የማያውቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞት ዳኛቸው ከአስራ አንደኛ ክፍል አቋርጦ ጋራዥ ገባ፤ ሲሞንን ያስተማረው በዚያ ደመወዝ ነው። ሳል መጣበት። እንዳይሰሙት አፉን በጓንቱ ሲያፍን ፋይበርግላሱ ምላሱን ወጋው። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ሳሉን ዋጠው።

እነሱ ከኩሽናው እስኪወጡ ጠበቀ። ጥቅሉን ወትፎ ጨረሰ። ከዚያ ወደ ውሃው ቧንቧ ዞሮ፣ ጠዋት ራሱ ያለበሰውን ስፖንጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገፈፈው። ከቧንቧው ፊት ለፊት የመሠረቱ ግድግዳ ላይ ያለችውን የአየር መስኮትም ከፈታት። ነፋሱ ፊቱን እንደ ጥፊ መታው።

ሲወጣ ሲሞን እጁን ዘርግቶ ሳበው።

"ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ! ይግቡ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ይብሉ። የምነግርዎትም ነገር አለ።"

አይናለም ኩሽና ውስጥ ሙቅ ውሃ ከፍታ ጠበቀችው። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። "ክንድዎ ተላጠ እኮ" አለች ቀስ ብላ፤ የራሷን ቅባት አምጥታ አጠገቡ አኖረች። ዳኛቸው ውሃው ስር ያለውን እጁን፣ ከዚያ እሷን አየ። ሊነግራት አፉን ከፈተ።

"ዛሬ ማታ ከዜሮ በታች ይወርዳል ብለዋል" አለ ሲሞን ከኋላው ስልኩን እያየ። "ቧንቧውንስ ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳያፈነዳው በደንብ ሸፈኑት?"

"ሸፍኜዋለሁ" አለ ዳኛቸው፣ ፎጣውን ከአይናለም እጅ እየተቀበለ።