ይበቃል ወይስ አይበቃም

ወንድሜ ኒራንጃን በሞተር ሳይክል አደጋ ከሞተም በኋላ እኔን ሂሳብ ማስጠናቱን አልተወም። ሕንድ አገር፣ ናግፑር ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ለቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ስዘጋጅ፣ ከጀርባዬ ይመጣል።

«አንቺ ድንጋይ ራስ፣ ማን አስይ አለሽ? ጥያቄው ‹መልሱ ስንት ነው› አይደለም። ‹የተሰጠሽ መረጃ መልሱን ለማወቅ ይበቃል ወይ› ነው። ይበቃል ወይም አይበቃም በይና እለፊ!»

በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር የሚጮህብኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ቁጥሩን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ሌላው ሦስት ጥያቄ ሲጨርስ እኔ አንዱ ላይ ተቸክዬ እቀራለሁ።

የፈተናው ቀን፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፦ «አንድ ሰው በሞተር ሳይክል ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ስንት ሰዓት ይደርሳል? አንደኛ፣ አራት ሰዓት ላይ ተነሥቷል፤ መንገዱም መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ነው።»

«ይኼማ የሕፃን ነው» አለኝ ከጀርባዬ። «ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ። ንኪውና እለፊ!»

እጄ አልታዘዝ አለኝ። አደጋው በደረሰበት ዕለት እሱ ከአማራቫቲ ከተማ ሲመለስ፣ እናታችን የተነሣበትን ሰዓትም፣ መንገዱንም፣ አነዳዱንም ታውቅ ነበር። ሩዙን ዳል ከሚባለው የምስር ወጥ ጋር አቅርባ በር በሩን ታይ ነበር።

«አይበቃም» የሚለውን ነካሁ።

እስኪሰድበኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ አሁንም በር በሩን ታያለች?» አለኝ።