ሲስተር አበቡ ለቅሶ የሄዱ ቀን

ልጄ ብሩክታዊት የአዋላጅ ነርስ ተማሪ ናት። ከገረሴ ወዲያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ስትሄድ፣ አጠገቧ ቆመው የሚያስተምሯት ሲስተር አበቡ ባይኖሩ ባልሰደድኳት ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ደወለች።

«እማዬ፣ ገና ሳልናገር አታልቅሺ። ሲስተር ለቅሶ ሄደዋል። ምጥ የጠናባት ሴት መጥታለች፤ ከእኔ በቀር ማንም የለም።»

«ብቻሽን እንዳትነኪያት። አስጠሪያቸው።»

«ዘበኛውን ጋሽ ካሱን ለመንኳቸው። ቀብር ሳያልቅ ሰው ከለቅሶ መጥራት ነውር ነው አሉኝ።»

«ነውሩ በእኔ ይሁን፣ ሩጡ በያቸው።»

ስልኩን ሳትዘጋ ለመነቻቸው፤ እሳቸውም እያጉረመረሙ ሄዱ። ወዲያው በስልኩ ሲሰማኝ የቆየው የሴትየዋ ጩኸት ድንገት ቆመ። የሕፃን ልቅሶ ጠበቅሁ። የሰማሁት ግን የልጄን ትንፋሽ ብቻ ነበር።